የኋላው በር

መካኒኩ ሙህሲን በጎማ ቱቦ ውስጥ ወደ መኪናው የኋላ በር ከሚያልፉት ሽቦዎች አንዱን ተበጥሶ አገኘው። መኪናውን ያመጣችው ልጅ ከራስጌው አልነሳ አለች። አባቷን ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ተቀብላ ከጫነቻቸው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ የኋላው በር ከገቡ በኋላ አልከፈት ብሏል። በሌላው በኩል ፍራሻቸውና ጓዛቸው ተቆልሏል። ቤት እንግዳ ይጠብቃል፣ ስልኳ ፋታ አይሰጥም።

«ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ደግሞ እኔ መኪና ውስጥ ይታሰሩ?» አለች።

ሽቦውን ቀጥሎ የበሩን መክፈቻ ቁልፍ ሲጫን በሩ ውስጥ ያለው ሞተር ጠቅ አለ። «ተከፍቷል፣ አባባ!» ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ቆልፎ እንደገና ከፈተው። ጠቅ፣ ጠቅ። አሁንም አልወጡም። የውስጡ እጀታ እምቢ ብሏቸው ነው ብሎ፣ እየተነጫነጨ ካቻቪቴውን አነሳ።

የውስጥ ሽፋኑን ሊፈታ በሩን ከውጭ ሲስበው ወለል ብሎ ተከፈተ። ጎንበስ ብሎ የውስጡን እጀታ ሞከረው፤ በደንብ ይሠራል።

«አባባ፣ ታዲያ ለምን አይስቡትም?» አለ ተናድዶ።

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እሱን።

«ልውጣ?» አሉት።