ያልተፈተሸ ጭነት

«ማተብዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ይላል ዶክተር ዓብዲረዛቅ፣ መርፌውን ወደ አንገቴ አስጠግቶ።

እብጠቱን በእጄ ሸፍኜዋለሁ። «ሽምብራ ለምታህል እብጠት ጦር የሚያህል መርፌ ታመጣለህ?»

«ሰሙት ዶክተር?» እህቴ ደብሪቱ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆማለች። ጋአን ሊባህ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት አስፈቅዳ የመጣችው እኔን ለመጎተት ነው። «በርበራ ያየውን ዓሣ ግመል ያክላል የሚል ሰው፣ እንቁላል የሚያህለውን የራሱን እብጠት ሽምብራ ይለዋል!»

ሐርጌሳ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሹፌር የለም። ከበርበራ ወደብ እስከ ድንበሩ ቶጎ ውጫሌ፣ የእኔ የፈጠነ የጭነት መኪና ከታየ የኬላው ገመድ በራሱ ይነሳል። ወታደሩን አስቄው አልፋለሁ። የእኔን ሸራ የሚገልጥ ፈታሽ ገና አልተወለደም!

ይህንኑ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ። ጎንደር የተማረ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ይስቃል። ከዚያ ሳቁን ያቆማል።

«ሰውነት ውስጥም ኬላ አለ፣ ጋሽ ፈጠነ። አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ይቆማል። የተሸከመውን የዘር መረጃ በትክክል ገልብጧል? የተበጠሰ ነገር አለ? ይፈተሻል። የተበላሸው ይጠገናል። የማይጠገን ከሆነ ሴሉ ራሱን ያጠፋል እንጂ አያልፍም።»

«አቤት! ከባድ ኬላ ነው።»

«ከባድ ነው። አንዳንዴ ግን አንዱ ሳይፈተሽ ሾልኮ ያልፋል። ከእሱ የሚወጡትም እንደ እሱ ያልፋሉ። ይከፈላሉ፣ ይከፈላሉ፤ ቁም የሚላቸው የለም።»

«እና?»

«ካንሰር የምንለው እሱን ነው።»

ምራቄን እውጣለሁ። እብጠቷ ከጣቶቼ ሥር ወደ ላይ ትወጣና ትመለሳለች።

«የእኔው... አልፏል?»

«እንዲህ ያሉት እብጠቶች አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ኢንሻአላህ የእርስዎም እንደዚያው ነው። በመርፌው ናሙና ወስጄ ሳልፈትሽ ግን አላውቅም።»

ወደ ደብሪቱ እዞራለሁ፤ ትስቅብኝ እንደሁ ብዬ። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች።

«ጋሼ፣ በእናታችን» ትላለች።

ማተቤን በሁለት ጣቶቼ ወደ አገጬ አነሳለሁ። ኬላ ላይ ሁሌ የሚቀድመኝ ቀልድ ዛሬ አልመጣም።

«በል ፈትሽ» እላለሁ።