የመርዋ ጩኮ

መርዋ ከሮቤ ወጥታ ጅዳ ሰው ቤት ከተቀጠረች ወዲህ ያስለቀሳት ሥራው አልነበረም። ሥራ ታውቃለች። ያስለቀሳት ሩዝ ነው። ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ፣ አርብ ደግሞ እንግዳ ስለሚመጣ ብዙ ሩዝ።

«አዮ፣ ጩኮ ካልላክሽልኝ ጥዬ እመጣለሁ» አለች እናቷን በስልክ።

እናቷ ረቢያ ሮቤ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ናት። ልጇ ኮንትራቱን አፍርሳ ብትመለስ የታናናሾቿ ትምህርት ምን እንደሚሆን አሰበች። የሲናና ገብስ አስመጥታ ቆላች፣ አስፈጨች፣ ለገበያ ካስቀመጠችው ቅቤ ምርጡን አንጥራ ለወሰችበት። ለዑምራ በሚሄድ ጎረቤት እጅም ላከችው።

መርዋ ጩኮውን በቆርቆሮ አድርጋ ጓዳ፣ ከስኳሩ ከረጢት ጀርባ ደበቀችው። በቀን አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች። ከዚያ በኋላ ሩዙም ይወርድላታል።

ብዙም ሳይቆይ እንደገና ደወለች።

«አዮ፣ እየተሰረቅኩ ነው!»

«ወርቅሽን ነው?»

«ጩኮዬን!»

«ያ ረቢ!» አለች ረቢያ። ወርቅ ቢሆን ይሻላት ነበር።

መርዋ ሁልጊዜ የምትደውለው ከአሮጊቷ ክፍል ነው። አሮጊቷ የአሠሪዋ የማዳም አማት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአፏ ቃል አይወጣም፤ ምግብ ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች፤ ምርኩዟን ይዛ ቤቱን ትዞርና ተመልሳ ትቀመጣለች። እሷን መጠበቅ የመርዋ ሥራ ነው። መርዋም እየጠበቀቻት ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ እንደልቧ ታወራለች። ማንም የማይሰማው ቋንቋ መያዝ ትልቅ ነፃነት ነው። ማዳምን ግመሏ ትላታለች። አሮጊቷን ደግሞ ደረቋ ቴምር።

የጩኮው ወሬ ሲወራ የረቢያ ወንድም ወዚር አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ተቀበላት።

«ቤቱ ሾፌር አለው?»

«አለው፣ አጎቴ። ግብፃዊ ነው።»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

«በምን አወቅክ?» አለች ረቢያ።

«እኔ ራሴ ደሎ መና መስመር ስነዳ የተሳፋሪ ማር ሳልቀምስ የገባሁበት ቀን ነበር እንዴ?»

ረቢያ ወንድሟን አየችው። ከደሎ መና የሚላክላት ማር ሁልጊዜ ጎደል ብሎ ይደርስ የነበረው ትዝ አላት።

መርዋ ሾፌሩን መከታተል ጀመረች። ባየችው ቁጥር ጥርጣሬዋ ባሰ። ሰውዬው እየወፈረ ነው። ጓዳው በር ላይ ያለ ሥራው ሁለት ጊዜ አግኝታዋለች። አንድ ቀን ሸሚዙ ላይ ቅቤ የመሰለ ነጠብጣብ አየች።

«ዛሬውኑ ለማዳም እናገራለሁ» አለች።

«ዋ! እንዳትሞክሪው» አለች ረቢያ። «ያላየሽውን ተናግረሽ ሰው ብታስወነጅዪ የምትባረሪው አንቺ ነሽ። ደግሞ ማዳም ደስ ብሏታል አላልሽም? ያዘዙላት መድኃኒት ሠርቶ የአማቷ ጉንጭ ሞላ ብሏል አላልሽም? ደህና የሰነበተ ቤት አታበጣብጪ።»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልሰረቅ?»

«ሌባውን ለእኔ ተዪው።»

ረቢያ እንደገና ገብስ ቆላች። በዚህ ጊዜ የለወሰችው ሁለት ዓይነት ነው። የልጇን ድርሻ እንደ ወጉ አድርጋ በላስቲክ ቋጠረችው። የሌባው ድርሻ ላይ ግን እጇን አልሰበሰበችም፤ ሚጥሚጣውን ስትሞጅርበት ወዚር ከበሩ ማዶ ቆሞ አስነጠሰው።

«የአንቺን አልጋሽ ሥር አድርጊው» አለቻት ለመርዋ፣ ዕቃው የደረሰ ቀን። «ያኛውን እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሪውና ጠብቂ። የሚያስል ሰው ሌባሽ ነው።»

አርብ ከጁምዓ በኋላ መርዋ ከጓዳው በቪዲዮ ደወለች። ወዚር ግብፃዊው ሲያስል ሊያይ ሥራውን ትቶ መጥቷል። እህቱን ገፋ አድርጎ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ።

«ቆርቆሮው የለም!» አለች መርዋ እያንሾካሾከች። «እንዳለ ነው ያነሱት!»

ወዲያው ሳል ተሰማ። ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል።

«ያዝነው!» ብሎ ወዚር ጭኑን መታ።

መርዋ ስልኳን ስታዞር ግብፃዊው ጓዳው በር ላይ ሻዩን ይዞ ቆሟል። አላሳለም። እሱም እንደ እነሱ አንገቱን አስግጎ ሳሉ ከየት እንደሚመጣ ያዳምጣል።

መርዋ ሮጠች። ሮቤ ላይ ወንድምና እህት የሰው ቤት ጣሪያ፣ ከዚያ ምንጣፍ፣ ከዚያ የመርዋን አገጭ አዩ። በር ሲከፈት ተሰማ። ምስሉ ረጋ አለ።

አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ቆርቆሮው ጭኗ ላይ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ጣቶቿ በቅቤ ወዝተዋል።

«ይቺ ደረቅ ቴምር! በዚህ ዕድሜዋ አታፍርም?» አለች መርዋ። «አዮ፣ እያት! ደግሞ በምኗ ወደደችው? ዓረብ ጩኮ የት ያውቃል?»

አሮጊቷ ሳሏ እስኪያልፍላት ጠበቀች። አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከመርዋ እጅ ወሰደችና ረቢያን ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ ሴትዮ» አለች ጥርት ባለ የባሌ ኦሮምኛ፣ «እኔ ከጎባ ስወጣ ጩኮ ውስጥ እንዲህ ያለ ነውር አይጨመርም ነበር፤ ይቺን ልጅሽንም አፏን እንድትሰበስብ ንገሪልኝ።»