ብድግ ያለው ሾፌር

የካውንቲው አውቶቡስ ሾፌሮች አምስት ተወካዮች አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የስብሰባ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ተማክረው ነበር። አሠሪያቸው የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ዛሬም እንቢ ካለ ከመሃላቸው አንዱ ብድግ ይላል፤ ያኔ ሁሉም ተነሥተው ይወጣሉ። የጠየቁት ብዙ አልነበረም፤ በአንዱ ጉዞና በሌላው መሃል መጸዳጃ ቤት የሚገቡበት አሥር ደቂቃ ነው። ከአምስቱ አንዱ ብሥራት ስምንት ዓመት ሙሉ ሽንቱን ይዞ ነድቷል።

በሩ ተከፈተና የካውንቲው ዋና ተደራዳሪ ገቡ። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ በከዘራ የሚራመዱ ሴት ነበሩ። ብሥራት ሳያስበው ብድግ አለ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ አያውቅም። ወዲያው ከግራና ከቀኙ አራት ወንበሮች ሲንቋቁ ሰማ።

«ገና ምንም ሳይሉ?» አለችው ከተወካዮቹ አንዷ ሃኒ በአማርኛ፣ ቦርሳዋን እያነሣች። «እሺ በቃ፣ እንውጣ!»

ብሥራት መነሣቱ እንደ ምልክቱ መቆጠሩ ገባው። እንዳይቀመጥ ሴትዮዋ ቆመዋል። እንዳይወጣ ደግሞ ለእናቱ እኩያ ጀርባውን ሰጥቶ እንዴት ይሄዳል? እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ሌሎቹም እሱን እያዩ እንደ ቆሙ ቀሩ።

ሴትዮዋ አምስቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ይዘውት የመጡትን የእንቢታ ደብዳቤ ገልብጠው እስክሪብቶ አነሡ።

«አሥር ደቂቃ ነው ያላችሁት?»

ብሥራት እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ተቀምጠዋላ።