ብኝ

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እስከ ቀትር ካልተላከ ኤዲልሰን የሊማውን የምርምር ዕድል እርም ይበል። የእንግሊዝኛ መምህርቱ ኖኤሚ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አላለፈችም። «አይጦቹ ሞቱብኝ» ይላል፤ ቃሉ እንግሊዝኛ፣ ለቅሶው የአገሩ የቡካራማንጋ ስፓኒሽ።

«ልጄ፣ ሳይንስ ነው የምትጽፈው ወይስ ለቅሶ ተቀምጠሃል? በእንግሊዝኛ አይጥ ይሞታል እንጂ አይሞትብህም!»

«ፕሮፌ፣ በጠብታ ወተት ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ እኮ። ዝም ብለው አልሞቱም፤ ሞቱብኝ።»

«ብኝ»ን ሰረዘቻት። ቡና ልትቀዳ ዘወር ብላ ስትመለስ «ብኝ» ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። እንደገና ሰረዘቻት፤ ስታስነጥስ ኤዲልሰን መልሶ ከተታት።

ኖኤሚ ደሟ ፈላ። የመሰረዣውን ቁልፍ በሌባ ጣቷ ተጭና ያዘችው። «ብኝ» ሄደች፤ አይጦቹም ተከተሏት፤ ውጤቱም፣ መደምደሚያውም ሄደና ገጹ ነጭ ሆነ። የጠፋውን ለመመለስ ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ስትነካካ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ድርግም አለ።

«ወይኔ! ጠፋብኝ!»

ኤዲልሰን የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ለቀትር ትንሽ ቀርቶታል። ከዚያ ጠዋቱን ሙሉ ሲሰማው በዋለው የመምህር ድምፅ፣

«"ብኝ"ዋን ያውጧት፣ ፕሮፌ» አለ።