የአሸዋው ሩጫ

«ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ከአሸዋው ውጡ» እላለሁ በማይክ። ከታች ያጨበጭቡልኛል።

«ጋሽ ኃይሌ ደግሞ ጀመረ» ይላል የሩጫው መጨረሻ ላይ የቆመው ዳኛ ተማሪ። ጓደኛው እየሳቀች ጣቷን ወደ ሰማይ ትቀስርልኛለች። እውነቷን ነው፤ የድሬዳዋ ሰማይ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል። ልጅቷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት። በእሷ አገር ጎርፍ የሚመጣው ራስ ላይ ከዘነበ በኋላ ነው። እዚህ ግን ተራራው ላይ ይዘንብና ደረቁ ወንዝ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ድንገት ይሞላል።

የነገረችኝ ናሲሞ ናት። እኔ በቆምኩበት የወንዙ ዳር ግንብ ላይ፣ ከጎኔ፣ ሻይ ትሸጣለች። አሁን እህቷ ከተራራው፣ ከደንገጎ ደውላ «ሎላው ወርዷል፣ ወንዝ ውስጥ ሰው እንዳይገኝ» አለቻት፤ ጎርፉን ማለቷ ነው። «ወላሂ ኃይሌ፣ ድምፁን በስልኩ ሰምቼዋለሁ» ትለኛለች። ከንፈሯ ደርቋል።

ሩጫውን እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ቀን ነው፤ መድረኩን የምመራው እኔ ነኝ። ሜዳውን የደም ልገሳው ድንኳንና የጭፈራ ቡድኖች ሲሻሙት፣ የኮሌጁን ዲን «አትጨነቅ አቦ፣ ፓሪስ የሌለ ትራክ ከአጥራችን ሥር ተዘርግቶልናል» አልኩት። አሸዋ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ለጥ ያለ ነው። ዲኑም አመነኝ። እኔን ያላመነ ዲን እስከ ዛሬ አልተሾመም።

ተማሪዎቹ ግን ለምን ይመኑኝ? ጠዋት «ዛሬ የተለገሰው ደም ለምሥራቅ አፍሪካ ዓመት ይበቃል» ያልኩ እኔ ነኝ። ሁለት የኢንጂነሪንግ ልጆች በፀሐይ እንቁላል ቢቀቅሉ «ሳተላይት ሊያመጥቁ ጥቂት ቀራቸው» ያልኩም እኔ ነኝ። ድምፄ ያለ ማጉያ ከከዚራ ሰፈር ተነሥቶ ሩቅ ጀልዴሳ ያለ ግመል ያስበረግጋል። ይህን ሁሉ ድምፅ ይዤ አንዲት እውነት የሚቀበለኝ አጣሁ።

ሯጮቹ ከታች ካለው ድልድይ ሥር ተነሥተው ሽቅብ፣ ወደ ተራራው ነው የሚመጡት። ሪባኑ እኔ ከቆምኩበት ግንብ ሥር፣ በሁለት እንጨት መሀል ታስሯል። ከሪባኑ ወዲያ ወንዙ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ጀርባ ያለው አይታይም። የቀደመ ሰው ውሃውንም ቀድሞ ያገኘዋል።

የምትቀድመው ደግሞ ልጄ ዲና ናት።

ነፋስ ናት እያልኩ ከተማውን ያሰለቸሁባት ልጄ። ጠዋት መድረክ ላይ ማይኩን ነጥቃኝ «አባቴን ታገሡት፤ እሱ ዝም ካለ ወይ ታሟል ወይ ሰው ሞቷል» ብላ ግቢውን በሳቅ ገድላዋለች። እውነትም እናቷ ያረፈች ሰሞን ነው ዝም ያልኩት፤ ሌላ ጊዜ በእንቅልፌም አወራለሁ። አሁን በሆዴ አምላኬን እለምናለሁ፦ ዛሬን ብቻ መጨረሻ ትሁን። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ይቅደሟት።

«ዲና፣ ልጄ፣ በማርያም ውጪ» እላለሁ። እየሮጠች እጇን ታውለበልብልኛለች።

ናሲሞ ክንዴን ጨምድዳ ትይዘኛለች። «እውነቱን ተው አቦ። እንደ ልማድህ ንገራቸው።»

ይገባኛል። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ሰበር ዜና። ሪባኑ ተሰርዟል። አሁኑኑ ግንቡ ላይ የወጣ ሁሉ፣ ዳኛም ቢሆን፣ ላፕቶፕ ይሸለማል። ከነቦርሳው።»

ላፕቶፕ ቀርቶ ቻርጀሩም የለኝም። ግን እንደ ዝንጀሮ መንጋ ግንቡን ይቧጥጡታል። ዳኞቹ ይወጣሉ። ሯጮቹ ይወጣሉ። «ላፕቶፑ የታል ጋሽ ኃይሌ?» ይለኛል አንዱ እያለከለከ፤ እጁን ዘርግቷል።

አሸዋው ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል።

ዲና ራሷን እየነቀነቀች ትሮጣለች። ግቢ ከገባች ጀምሮ ላፕቶፕ «ነገ» የምገዛላት እኔ አይደለሁ? ለሷ ያልማልኩት መሐላ፣ ያልቀየርኩት ድምፅ የለም። ሆዴን ይዤ ብጮህ ተውኔት ነው። ባለቅስ ተውኔት ነው። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ልቤን ይዤ ወድቄ ያስደነገጥኳት ለቀልድ ነበር።

የናሲሞ ብርጭቆዎች ትሪው ላይ መንጫጫት ይጀምራሉ። የነካቸው የለም። ግንቡ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ማይኩን አጠፋዋለሁ። ግንቡ ላይ አስቀምጬው እጆቼን አወርዳለሁ፤ አፌንም እዘጋለሁ። ከመሐላ ሁሉ፣ ከለቅሶ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

ዲና ጥቂት እርምጃ ትሮጣለች። ፍጥነቷ ይቀንሳል። ቀና ትላለች።

ሪባኑ ከደረቷ ፊት፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ቦታ ነው። እሷ ግን የምታየው እኔን ነው። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ሲጠፋ አያለሁ። ከዚያ ሪባኑን ትታ ወደ ግንቡ ትሮጣለች፤ እንዲህ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

በሆዴ ተኝቼ እጄን አወርድላታለሁ። ናሲሞ ከኋላ ቀበቶዬን ይዛለች፤ ላፕቶፑን የጠየቀኝ ልጅ እግሬን ይዟል። የዲና መዳፍ በላብና በአሸዋ ያንሸራትታል፤ ያመልጠኛል፤ መልሼ አንጓዋን እይዛታለሁ። እንስባታለን።

ዞራ ወንዙን አታይም። ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ትይዘዋለች።

«አባዬ፣ ማን ሞተ?»

ከጀርባዋ ጎርፉ መታጠፊያውን ዞሮ፣ ሙሉ የግራር ግንድ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሪባኑንም በደረቱ በጥሶት ያልፋል።