ለመጀመሪያ ጊዜ

ሚስትየው የተራራው ጫፍ ላይ ቀድማ ደረሰች። ባሏ ከታች፣ በሣሩና በቋጥኙ መሃል፣ እያለከለከ ይከተላታል። እስኪደርስ ብላ፣ የፓርኩ ጎብኚዎች የሚፈርሙበትን ደብተር ከቆርቆሮ ሣጥኑ አውጥታ ወደ ኋላ ታገላብጥ ጀመር። አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ጫፉን አጠፍ አድርጋ ዘጋችው።

«ይህን ሳናይ አርጅተን ነበር እኮ» አለ ባልየው ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ። እሷ ባዶ ገጽ ገልጣ «በል ፈርም» አለችው። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ «ከውዷ ባለቤቴ ጋር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ያጠፈችውን ገጽ ገልጣ ጭኑ ላይ አኖረችለት። ያው የእጅ ጽሑፍ፣ ያው ፊርማ። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እናቷን በቀበረች በሳምንቱ፣ እሱ ለመስክ ሥራ ወጣሁ ያላት ጊዜ ነው። የጻፈውም ያንኑ ነበር።

«ለእኔ እንኳ ሌላ ቃል ቸገረህ?» አለችው።