የቅመሟ ፓኬት

ባልየው፣ ሚስቱ ሊጥ ዳምጣ ቆራርጣ የሠራችውን ኑድልስ በሹካ ገለበጠና፣ ከሸሚዝ ኪሱ የሱቁን ኑድልስ የቅመም ፓኬት አወጣ። ሐኪሙ «ኩላሊትህ ከእንግዲህ ጨው አይችልም» ካለው ወዲህ፣ እስከ ዛሬ ከእሷ ደብቆ ነበር የሚጨምራት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ እኮ የጥንቸል ምግብ ነው። ዛሬን ብቻ።»

ሚስቱ ጠዋት ሸሚዙን ስትተኩስ ፓኬቷን አግኝታ፣ ጨዉን ደፍታ፣ የተፈጨ ደረቅ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ሞልታ፣ አፏን በሻማ እሳት አጣብቃት ነበር። ካወቀ፣ ዳግመኛ በእጇ የሠራችውን አይቀምስም።

ሊቀድ ሲል አውራ ጣቱን ጥላሸት ነካው። ጣቱን አየ፤ እሷን አየ። እሷ ምድጃው ላይ የሌለ ቆሻሻ መወልወል ጀመረች።

ቀደደ፣ እስከ መጨረሻው ነሰነሰ፣ ጎረሰ።

«ጨው አበዛሁበት መሰለኝ» አለና ሳህኑን ዘረጋላት። «እስኪ ካንቺው ኑድልስ ጨምሪበት፣ ይለዝብ።»